አራተኛዋ ምስክር

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ፊርማዬ ነው። ፊርማዬ ቆንጆ ነው (አስረኛ ክፍል እያለሁ ደብተር ሙሉ ተለማምጄዋለሁ)። የት እንደማስቀምጠው ግን አላውቅም ነበር።

ጊዜው 2013 ዓ.ም. ነው፤ የመጨረሻ ዓመት የጋዜጠኝነት ተማሪ ነኝ። ጎረቤታችን እትዬ ስኳሩ ጠንቶባቸው ሊናዘዙ ነው ተባለና እናቴ "ሂጂ፣ አንድ ሰው ጎድሏል" ብላ ላከችኝ። ልክ ድንኳን ሊተከል ሰው እንደሚፈለገው። ስደርስ የእድሩ ሊቀመንበር እስክሪብቶ ይዘው ተቀምጠዋል፣ ሁለት ሽማግሌዎችና አንዲት የማኅበር ጓደኛቸው ሶፋው ላይ ናቸው።

እትዬ አልወለዱም። ግን ከገጠር አምጥተው ያሳደጓት ልጅ አለች፤ አስራ አንድ ዓመት አብራቸው ኖራለች፤ ኢንሱሊን የምትወጋቸውም፣ እግራቸውን የምታጥባቸውም እሷ ነች። ግቢው ውስጥ ያሉትን ሁለት የሰርቪስ ክፍሎች ለእሷ፣ ዋናውን ቤት ለወንድማቸው ልጆች ነው ያሉት። ሊቀመንበሩ ጻፉ፣ ከዚያ ጮክ ብለው አነበቡ። እኔ ማድ ቤት ስኒ እያጠብኩ ነበር። ሲጨርሱ ተጠራሁ፤ ፈረምኩ፤ ቡናዬን ጠጥቼ ወደ ቤቴ።

እትዬ በ2015 ዓ.ም. አረፉ። ልጅቷ ቃለ መሐላዋን አያይዛ ኑዛዜው ጸድቆ ማስረጃ እንዲሰጣት አመለከተች። የወንድም ልጆች ተቃወሙ። እኛም ለምስክርነት ተጠራን።

እስከዚያ ድረስ የኑዛዜ ምስክር ማለት "አዎ፣ የሳቸው ፊርማ ነው" የሚል ሰው ይመስለኝ ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 881 ግን የሚለው ሌላ ነው። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት፤ መነበቡና ቀኑ እዚያው ወረቀት ላይ መጠቀስ አለበት፤ ተናዛዡም ምስክሮቹም ወዲያው ይፈርማሉ። ካልሆነ ዋጋ የለውም። ምስክሩ የሚፈለገው ለጆሮው ነው እንጂ ለእጁ አይደለም ማለት ነው። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ፣ ሬጅስትራር ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ፤ እኛ ግን የነበረን የእድር ሊቀመንበር ነው። በቃል መናዘዝም ይቻላል፣ ሁለት ምስክር ይበቃዋል፤ ግን በቃል የሚሰጥ እያንዳንዱ ስጦታ ከ500 ብር መብለጥ የለበትም። (500 ብር! ከጓደኛ ጋር ፒዛ በልቶ ለታክሲ የማይተርፍ።)

ከሁሉ የሚያናድደኝ ምን መሰላችሁ? ሰው ኑዛዜውን ሙሉ በሙሉ በራሱ እጅ ጽፎ፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ገልጾ፣ በየገጹ ቀን አድርጎ ከፈረመበት ምስክር የሚባል ነገር አያስፈልገውም። እትዬ ደግሞ የሴቶች እድር ሒሳብ ያዥ ነበሩ። ጽሕፈታቸው እንደ ማተሚያ ቤት ነው። ያን ቀን ማናችንም "እርስዎ ራስዎ ይጻፉት" አላልናቸውም።

ወደ ችሎቱ ልመልሳችሁ። በዋዜማው እናቴ "ሰምቻለሁ በይ፣ አለቀ። ሐቁ የልጅቷ ነው" አለችኝ። ሐቁ የልጅቷ መሆኑን እኔም አውቃለሁ። ቀኝ እጄን አንስቼ ማልኩ። የተቃዋሚዎቹ ጠበቃ ወረቀቱን አሳየኝ። ከፊርማዬ በላይ "በፊታችን ሲነበብ ሰምተን ፈረምን" ይላል። ይህቺን ዓረፍተ ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበብኳት እዚያ ቆሜ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ምንጭሽን አጣሪ፣ ያላየሽውን አትጻፊ ሲሉኝ የኖርኩት ሴትዮ!

"ሲነበብ የት ነበሩ?"

"ማድ ቤት።"

"ምን ሰሙ?"

ቤቱ ጠባብ ነው፤ ድምፅ ይሰማል። ግን የሰማሁት የውኃና የስኒ ድምፅ ነው። እንደዚያው ነው የተናገርኩት። ልጅቷን ላለማየት ዳኛዋን ብቻ ነበር የማየው።

ኑዛዜው ፈረሰ። ሦስት ሰው ሰምቷል፣ ሕጉ አራት ይላል። የሥጋ ዝምድና ስለሌላት ደግሞ ያለ ኑዛዜ ልጅቷ ምንም አታገኝም።

ቨርጂኒያ ያለችው አክስቴ በስልክ ሳጫውታት "እኛ ጋ ሁለት ምስክር ነው" አለችኝ። ምስክሮቹ ያኔውኑ ኖተሪ ፊት ቃለ መሐላ ከሰጡና ከኑዛዜው ጋር ከተያያዘ፣ ሰውዬው ሲሞት ፍርድ ቤት መቆም ላያስፈልጋቸው ይችላል። ቀንቼ ነበር። ኋላ ሳስበው ግን እኔን ያን ቀን ኖተሪ ፊት ቢያቆሙኝ ሳላነብ ምዬ ነበር።

እናቴ ለሁለት ሳምንት ያህል በወጉ አላናገረችኝም። ልጅቷ አሁን ከዋናው መንገድ ማዶ ተከራይታ ትኖራለች። ስንገናኝ ትስመኛለች፣ "እማማ ደህና ናቸው?" ትለኛለች።

ፍርድ ቤት ያልጠየቀኝ አንድ ነገር አለ። ያን ቀን እሷ ስለ እሷ በሚነበብበት ክፍል መቀመጥ አፍራ ማድ ቤት ቡና እየቆላች ነበር። በበሩ ብቅ ብላ "ነይማ ስኒ እጠቢልኝ" ብላ የጠራችኝ እሷ ነች።