የወናፍ ዳር ወግ

የእሑድ መዝናኛ ዓይነቱ ብዙ ነው። ካርታ የሚጫወት አለ፤ ኳስ የሚያይ አለ፤ ከድንኳን ድንኳን ሲዞር የሚውል አለ። እኔ የማውቃቸው አምስት ሰዎች ግን እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ቃሊቲ አካባቢ አንድ ግቢ ውስጥ ተሰብስበው ብረት ይቀጠቅጣሉ። ሊሸጡት አይደለም፤ ቢያወጡትም የሚገዛቸው የለም። አንዱ የጥርስ ሐኪም ነው፤ አንዱ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር፤ አንዷ የሒሳብ ሠራተኛ፤ የግቢው ባለቤት ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሹፌር። አምስተኛውን በቅጡ አውቀዋለሁ ለማለት አልደፍርም፤ ራሴ ነኝና።

ዕቃችን ለወሬ አይመችም። መስፋችን አንድ ክንድ የምታህል የባቡር ሐዲድ ቁራጭ ስትሆን ግንድ ላይ ተቸንክራለች። ምድጃችን የአሮጌ መኪና ታምቡር ነው። ነፋሱን የሚሰጠን የሒሳብ ሠራተኛዋ የጣለችው የፀጉር ማድረቂያ ሲሆን፣ መብራት ሲጠፋ (ያለመጥፋት ልማድ የለውም) ሹፌሩ ከአገር ቤት ያመጣው የፍየል ቆዳ ወናፍ ይተካዋል። መዶሻ አራት፣ ጉጠት ሁለት፣ ሞረድ አንድ። በቃ።

«ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው» የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው እኛን አላየንም። ብረቱ እስኪግል ወሬ ነው፤ ከጋለ በኋላም ወሬ ነው፤ ወሬው ሲጥም ብረቱ ይቀዘቅዝና እንደገና እሳት ይገባል። ከአራት ሰዓት ቆይታ መዶሻ የምናነሣበት ጊዜ ቢደመር አንድ ሰዓት አይሞላም። ወሬው ግን ሜዳ ላይ የሚቀር አይደለም። ጥርስ ሐኪሙ መጀመሪያ ሰሞን ከፌሮ ቢላዋ ሠርቶ፣ ሞርዶ፣ አሳምሮ አመጣና ቲማቲም እንኳ አልቆርጥ አለው። ሹፌሩ አገላብጦ አየውና፣

«ዶክተር፣ ፌሮ እኮ ቤት እንዲሸከም ነው እንጂ ሥጋ እንዲቆርጥ አልተሠራም» አለው።

መምህሩ ምክንያቱን አስከተለ፦ ብረት እንዲጠነክር የሚያደርገው በውስጡ ያለው ካርቦን ነው፤ የፌሮው አነስተኛ ነው፤ የመኪና ባሌስትራ ግን ከመቶ 0.6 ገደማ አለው፤ ይህቺ ኢምንት የምትመስል ነገር ናት ቢላዋን ቢላዋ የምታደርገው። በሚቀጥለው እሑድ ሹፌሩ ድሮ ከነዳት ኤንትሬ የተረፈ የባሌስትራ ስባሪ ይዞ ጠበቀን። ሐኪሙም ባዶ እጁን አይመጣም። ጉጠት ሲያይ ዓይኑ ይበራል። ለየጥርሱ የየራሱ ጉጠት እንዳለው፣ ለክብ ብረትና ለጠፍጣፋ ብረትም መያዣው መለየት እንዳለበት ያስረዳን እሱ ነው። ከዚያ በፊት ክብ ዘንግ በጠፍጣፋ ጉጠት እየያዝን ስንት ጊዜ የጋለ ብረት እግራችን ሥር ወድቋል!

እንዲህ ስንል አንድ ዓመት አለፈ። በሁለተኛው ዓመት ሹፌሩ አንድ ሽማግሌ ይዞ መጣ። መርካቶ ምናለሽ ተራ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ብረት ቀጥቃጭ ናቸው። ማረሻ፣ ማጭድ፣ ዶማ፣ የከሰል ምድጃ፣ ያልሠሩት የለም። በርጩማ ሰጠናቸው፤ ቡና ቀረበላቸው። የፀጉር ማድረቂያውን አይተው ሳቁ፤ ከዚያ ዝም አሉ። ሦስት እሑድ ዝም አሉ።

ብንጠይቃቸውም መልሱ አጭር ነው።

«ጋሼ፣ ይኼ ብረት ውሃ የሚገባው መቼ ነው?»

«ሲደርስ።»

«መድረሱ በምን ይታወቃል?»

«ሲበስል።»

ጥርስ ሐኪሙ ወጥተው ሲሄዱ «ስስት ነው» አለ። «እኛ የምናውቀውን ሁሉ እንዘረግፋለን፤ እሳቸው አንዲት ቃል ይሰስታሉ።» በጊዜው አልመለስኩለትም። አሁን ግን ልመልስለት። እኛ የምናውቀውን ብንዘረግፍ ማታ ከእራታችን ላይ የሚጎድል ነገር የለም። ለእሳቸው ያቺ ቃል የልጆቻቸው እንጀራ ነበረች። መጫወቻውን በነፃ የሚሰጥ ሰው እንጀራውን የደበቀውን ሰው ስስታም ለማለት ትንሽ መቆየት አለበት።

የመጀመሪያውን ዕውቀት የሰጡን ሳንጠይቃቸው ነው። ሐኪሙ አንድ የውሃ ቱቦ ቁራጭ አግኝቶ እሳት ውስጥ ሊከተው ሲል፣ ያ ዝምተኛ ሽማግሌ ከበርጩማቸው ተስፈንጥረው ነጠቁት። ጋልቫናይዝድ ነበር። ላዩ ላይ የተቀባው ዚንክ ከ900 ዲግሪ ብዙም ሳይርቅ ይተናል፤ ነጭ ጢሱን የሳበ ሰው ማታውን እንደ ወባ በሽተኛ ይንቀጠቀጣል። መምህሩ ይኼን ከመጽሐፍ ያውቀው ነበር። ሽማግሌው የሚያውቁት ከደረታቸው ነው፤ በወጣትነታቸው ሦስት ቀን አስተኝቷቸዋል።

«የሚገድለውን በነፃ እነግራችኋለሁ» አሉ ቱቦውን ከአጥር ማዶ እየወረወሩ፤ «የሚያበላው ይቆየን።»

የሚያበላውን ያወጣችው የሒሳብ ሠራተኛዋ ናት። ስለ ብረት አልጠየቀቻቸውም። አንድ ማጭድ ስንት ያስወጣዎታል ነው ያለቻቸው። ከሰሉ ስንት? ብረቱ ስንት? ቦታውስ? ሽማግሌው እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቋቸው የሚያውቅ ሰው የለም መሰለኝ፣ ጀርባቸውን አቀኑና አንድ ሰዓት ሙሉ ተናገሩ። እሷ በሲጋራ ፓኮ ጀርባ ደመረች።

«ጋሼ፣ የእጅዎን አልቆጠሩትም።»

«እጄማ የኔው ነው!» ብለው ሳቁ። ቀጥለው ግን ዝም አሉና፣ «ስንት ይሆን ነበር?» ብለው ጠየቁ። ነገረቻቸው። የነገረቻቸውን ቁጥር እዚህ አልጽፈውም፤ የሃምሳ ዓመት ነው።

ከዚያች እሑድ ወዲህ አፋቸው ተፈታ። ብረት በፀሐይ አይታይም አሉን፤ ቀለሙ ይዋሻል። ስለዚህ ምድጃውን ከሜዳው አንስተን ጣራ ሥር ወሰድነው። ውሃ የጠጣ ብረት እንደ ብርጭቆ ስለሚሰበር ቀስ ተብሎ እንደገና መሞቅ አለበት፤ ሲሞቅ ላዩ ላይ ቀለም ይሄድበታል፤ መጀመሪያ «የጠጅ ቀለም»፣ ቀጥሎ «የርግብ አንገት» ይመጣል። ለቢላዋ ጠጁ ላይ ነው የሚቆመው፤ ርግቡን ካለፈ ለባሌስትራ እንጂ ለስለት አይሆንም። መምህሩ በዲግሪ ተረጎመው፦ ጠጁ ከ220 እስከ 230፣ ሰማያዊው ወደ 300። ሽማግሌው ቁጥሮቹን አዳምጠው «ደግ» አሉ።

ስለ ጨው የነገሩን ግን ከሁሉ ደስ ይለኛል። ዶማና ማረሻ የሚነክሩበት ውሃ ውስጥ አንድ እፍኝ ጨው ይጨምራሉ። ባሌስትራ ከሆነ በውሃ ይሰነጠቃልና የተቃጠለ ዘይት ውስጥ ነው የሚገባው። ለምን ጨው? አባታቸው «ጨው ቡዳ ያባርራል» ብለው ስለነገሯቸው። እንግዲህ አስቡት፤ ሰፈሩ ሁሉ እሳቸውን ቡዳ እያለ ልጁን ሲሸፍን፣ እሳቸው ደግሞ ከቡዳ ለመጠበቅ ውሃቸውን ጨው ያደርጉ ነበር! መምህሩ ሌላ ምክንያት አቀረበ። ቀይ ብረት ውሃ ሲነካ ዙሪያውን የእንፋሎት ልብስ ይለብሳል፤ ልብሱ ባለበት በኩል ውሃው አይደርሰውም፤ እኩል አይቀዘቅዝም። ጨው ያንን ልብስ ይቀደዋል። ሽማግሌው ረጅም ጊዜ አሰቡና «እንግዲያ አባቴ ልክ ነበር» አሉ። ማንም አልተከራከራቸውም።

መምህሩ ሌላም ሰጣቸው። ብረት 770 ዲግሪ ሲደርስ ማግኔት መያዝ ያቆማል። ከዚያ ጥቂት ጨመር ተደርጎ ይነከራል፤ ይኸው ነው «ሲደርስ» የሚባለው። ከአሮጌ ድምፅ ማጉያ ማግኔት ፈልቅቆ ሰጣቸው። በሳምንቱ ተመልሰው ሲመጡ በዓይናቸው ከሚለዩት ጋር አስተያይተው አንድ ጊዜም እንዳልተሳሳቱ ነገሩን። ይሁን እንጂ ማግኔቱን አልመለሱም፤ ዓይናቸው ለደከመ አንድ የሙያ ጓደኛቸው ሰጥተውታል።

በሰለጠነው ዓለም ይህ ነገር የታወቀ ነው። አሜሪካን አገር መኪና ፈረስን፣ ፋብሪካ ቀጥቃጩን ከጨረሰ በኋላ፣ በ1973 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ አንድ የሰሜን አሜሪካ ማኅበር አለ፤ የጥበብ ሰዎችና የትርፍ ጊዜ ቀጥቃጮች በየጊዜው እየተገናኙ አንዱ ለሌላው ይማማሩበታል። እዚያ ሙያው ሊሞት ሲል ነው መዝናኛ ሆኖ የተነሣው። እኛ ዘንድ ሰውየው በሕይወት አለ፤ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ቡና ይጠጣል። የቸገረን ከጎኑ የሚቀመጥ ሰው ነው።

አለመቀመጣችን ደግሞ የቆየ ነው። ጠይብ የምንለው ቃል ከግዕዙ ጠቢብ የመጣ ነው ይባላል፤ ጥበበኛ የሚል ስም ስድብ እስኪሆን ድረስ ምን ያህል እንደደከምንበት አስቡት። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጁን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ ወጣ፤ ስድቡም ቀጠለ። ከቀጥቃጭ ጋር የማይጋባ፣ ማዕድ የማይቆርስ ሕዝብ «ለምን ሙያውን ደበቀ?» ቢል አያምርበትም። ከማን ጋር ተቀምጦ ይንገር?

ይኼን የምለው ከሜዳ ተነሥቼ አይደለም። የእናቴ አባት ሰሜን ሸዋ ውስጥ ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። እናቴ ለልጆቿ «ገበሬ ነበር» ብላ ነው ያሳደገችን። እውነቱን የሰማሁት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ለለቅሶ አገር ቤት ስንሄድ ከአንዲት ሽማግሌ ጎረቤት ነው። የቀበሌው ማረሻ ሁሉ ከእሳቸው እጅ ይወጣ ነበር፤ ዋጋቸውን በመኸር እህል ይቀበሉ ነበር፤ በመንገድ ሲያልፉ ደግሞ እናቶች የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ይጋርዱ ነበር። አንድ ወንድ ልጃቸው፣ አጎቴ፣ ወናፍ አልነካም ብሎ ውትድርና ገባ። አያቴ ሲሞቱ ዕቃቸውን ማን እንደወሰደው የሚያውቅ የለም።

ሽማግሌው አንድ ቀን «አንተስ? ሐኪሙ ቢላዋውን ይፈልጋል፣ መምህሩ ለክፍሉ የሚያወራው ይፈልጋል። አንተ እዚህ የምን ፈላጊ ነህ?» ብለው ጠየቁኝ። ሁለቱ ልጆቻቸው፣ አንዱ ባጃጅ ነጂ፣ አንዱ ዱባይ፣ ሙያውን እንዳልፈለጉት ቀደም ብለው ነግረውናል።

«አያቴ ቀጥቃጭ ነበሩ» አልኳቸው። በሰው ፊት ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። ሐኪሙ መዶሻውን አስቀመጠ። የሒሳብ ሠራተኛዋ ስኒዋን አየች።

ሽማግሌው አልገረማቸውም፤ አላጽናኑኝም። «መስፋቸው ድንጋይ ነበር ብረት?» አሉ።

«አላውቅም።»

«ወናፉስ አንድ ነው ጥንድ?»

«አላውቅም፣ ጋሼ።»

«ጠይቃ!»

ማታ ለእናቴ ደወልኩ። ስለምን እንደምጠይቅ ስትረዳ ስልኩ የተቋረጠ እስኪመስለኝ ዝም አለች። ከዚያ፣ «ድንጋይ ነበር፤ ጥቁር» አለች። «ወናፉ ጥንድ ነው። አንዱን በግራ አንዱን በቀኝ። ወንድሜ እምቢ ካለ በኋላ እኔ ነበርኩ የምነፋው።»

በሚቀጥለው እሑድ ይኼን ስነግራቸው ሽማግሌው ፊታቸው ተቀየረ። ጥንድ ወናፍ ሳያቋርጡ መንፋት፣ እሳቱንም እኩል መያዝ ራሱን የቻለ ሙያ ነው አሉ። «እንግዲያ እስከ ዛሬ የምንጠይቀው የተሳሳተ ሰው ነበር። እሷን አምጣልን።»

እናቴ እስካሁን አልመጣችም። ጉልበቴን ያመኛል ትላለች። ባለፈው ሳምንት ግን በራሷ ጊዜ ደውላ፣ የምናነደው ከሰል የምን እንጨት እንደሆነ ጠየቀችኝ።

«የባሕር ዛፍ» አልኳት።

«አይሆንም፤ ግራር ፈልጉ» ብላ ዘጋችው።