ማስታመም ዕውቀት ይሻል

በአገራችን ልማድ የታመመን ሰው ብቻውን መተው እንደ ትልቅ ነውር ይቈጠራል። ጎረቤት ማልዶ ይጠይቃል፤ ዘመድ ከሩቅ ይመጣል፤ ሴቶች ገንፎውንና አጥሚቱን ይዘው ይገባሉ፤ ሕመሙ የጠና እንደ ሆነም ተራ ገብቶ የሚያድር ሰው አይጠፋም። ይህ ልማድ ከአባቶቻችን የወረስነው ክቡር ሀብት ስለ ሆነ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ዳሩ ግን ዘመን ሲለወጥ የሕክምናውም ዓይነት አብሮ ስለሚለወጥ፥ ፍቅር ብቻውን የማይበቃበት ጊዜ ይመጣል። ነቀርሳ ወይም ካንሰር የተባለው በሽታ ኬሞቴራፒ በሚባለው መድኃኒት ሲታከም የሚሆነው ይኸው ነው። መድኃኒቱ በሆስፒታል የሚሰጠው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ነው፤ የቀሩት ሦስት ሳምንታት ግን የሚታለፉት በቤት፥ በወጥ ቤቱና በመኝታው መካከል ነው። ስለዚህ የሕክምናው እኩሌታ በሐኪሙ እጅ፥ እኩሌታውም በአስታማሚው እጅ ነው ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

እኛ ይህን የተረዳነው ያሳደጉንን አክስታችንን ስናስታምም ነው። የያዛቸው የጡት ነቀርሳ ነበረ፤ ይህም በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከሚታዩት የነቀርሳ ዓይነቶች ሁሉ የበዛው ነው። ሐኪሞቹ ዕጢውን በቀዶ ሕክምና ካወጡላቸው በኋላ፥ በየ21 ቀኑ አንድ ጊዜ፥ በጠቅላላው 8 ጊዜ መድኃኒት በደም ሥራቸው እንዲወስዱ አዘዙ። ከዚህ በታች የምናቀርበው ሐሳብ የሐኪምን ትእዛዝ ለመተካት ሳይሆን፥ ያ ትእዛዝ በአንድ ኢትዮጵያዊ ቤት ውስጥ እንዴት በሥራ ሊውል እንደሚችል ለማሳየት ብቻ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ መድኃኒቱ ምን እንደ ሆነ ማወቅ ይጠቅማል። በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣልያ አውሮፕላኖች በሠራዊታችንና በሕዝባችን ላይ ያዘነቡት የሰናፍጭ ጋዝ ያደረሰውን ጥፋት ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1942 ደግሞ በአሜሪካ አገር በዬል ዩኒቨርሲቲ ሉዊስ ጉድማንና አልፍሬድ ጊልማን የተባሉ ሊቃውንት፥ የዚያ መርዝ የቅርብ ዘመድ የሆነውን ናይትሮጅን መስተርድ መርምረው በአንድ የነቀርሳ ሕመምተኛ ላይ እንዲሞከር አደረጉ፤ ዕብጠቱም ለጊዜው ቢሆን ሟሸሸ። ዛሬ ለጡት ነቀርሳ ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ሳይክሎፎስፋማይድ ከዚያው ዘር የወጣ ነው። ለጥፋት የተሠራ ነገር በዕውቀት ሲለካ ለመዳን ሆነ ማለት ነው።

የመድኃኒቱ ሥራ በፍጥነት የሚባዙትን የሰውነት ሕዋሳት መግደል ነው። ነቀርሳ በፍጥነት ይባዛል፤ ነገር ግን የጠጕር ሥር፥ የአፍና የአንጀት ሽፋን፥ በአጥንት መቅኒ ውስጥ ደም የሚሠሩት ሕዋሳትም እንዲሁ በፍጥነት ይባዛሉ። ስለዚህ ጠጕር ይረግፋል፤ አፍ ይቈስላል፤ ሆድ ይታወካል፤ ደም ይሳሳል። ልዩነቱ ጤነኞቹ ሕዋሳት እንደ ተቈረጠ ቍጥቋጦ መልሰው ማቈጥቈጣቸው ነው። ይህን ያላወቀ ቤተ ሰብ ግን ሕመምተኛው ሲደክም ባየ ጊዜ በሽታው የባሰበት ይመስለውና፥ «መድኃኒቱ ሊገድላቸው ነው፤ ይቅርባቸው» ይላል። በዚህ ዓይነት ሕክምናውን በመካከል ማቋረጥ ከሁሉ የከፋው አደጋ ነው።

እኛን የረዳን አንድ ተራ ደብተር ነው። መድኃኒቱ የተሰጠበትን ዕለት አንደኛ ቀን ብለን፥ እስከ 21ኛው ቀን ድረስ የበሉትን፥ ያስታወካቸውን፥ የተኙበትን ሰዓት፥ የሰውነታቸውን ሙቀት በየዕለቱ እንጽፍ ነበር። ከሁለተኛው ዙር በኋላ የመከራው መልክ ቍልጭ ብሎ ታየን። የመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት የማቅለሽለሽ ናቸው፤ ከሰባተኛው እስከ ዐሥራ አራተኛው ድረስ ነጭ የደም ሕዋስ የሚያንስበትና ሰውነት ለተላላፊ በሽታ የሚጋለጥበት ጊዜ ነው፤ ሦስተኛው ሳምንት ግን የማገገሚያ ነው።

በሦስተኛው ዙር በአራተኛው ቀን አክስታችን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መልሰው፥ «ልጆቼ፥ ተዉኝ፤ በቤቴ ልሙት» አሉን። ተከራክረን ልናሳምናቸው አልሞከርንም። ደብተሩን አምጥተን የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን ዙር አራተኛ ቀን አነበብንላቸው፤ ያን ጊዜም ይህንኑ ቃል ተናግረው ነበረ። ቀጥለን ሰባተኛውን ቀን ስናነብ፥ «ዛሬ ሩብ እንጀራ በአልጫ በሉ፤ ደጅ ወጥተው ፀሐይ ሞቁ» የሚል ተገኘ። ጥቂት ዝም ብለው፥ «እንግዲህ ስንት ቀን ቀረኝ?» ብለው ጠየቁ። «ሁለት ወይም ሦስት ቀን» አልናቸው። «ሦስት ቀንማ እችላለሁ» አሉ። መከራ ቀኑ ሲታወቅ ሸክሙ እንደሚቀልል ያን ዕለት ተማርን።

ስለ ማቅለሽለሽ አስቀድሞ የሚነገረው፥ ማስታወክን የሚከለክለው ኪኒን ሐኪሙ ባዘዘው ሰዓት መዋጥ እንዳለበት ነው። ብዙ ሰው ሕመሙ እስኪመጣ ይጠብቃል፤ ነገር ግን ትውከት ከጀመረ በኋላ መመለሱ ከመከላከሉ ይልቅ ያስቸግራል። ምግቡም በትልቅ ገበታ ሳይሆን በየሁለት ወይም በየሦስት ሰዓቱ ጥቂት በጥቂት ቢቀርብ ይሻላል። ትኵስ ምግብ ሽታው ስለሚበረታ ለብ ያለው ወይም የቀዘቀዘው ይመረጣል። ደረቅ ዳቦና ቂጣ፥ ቀጭን አጥሚት፥ በርበሬ የሌለው የምስር አልጫ፥ በደንብ የበሰለ እንቍላል ለአክስታችን ተስማምተዋቸዋል፤ የዝንጅብል ሻይም ጠቅሟቸዋል። የሽንኵርት ቍሌት፥ ዕጣኑ፥ ቀድሞ የሚወዱት የቡና ቍሌት እንኳ ጠላት ስለ ሆኑባቸው፥ ቡናው በጎረቤት ቤት ይቈላ ጀመር። ጎረቤቶቻችን ይህን እንደ ቅሬታ ሳይሆን እንደ አገልግሎት ስለ ቈጠሩት እናመሰግናቸዋለን። በዚህ ጊዜ «በሞቴ» እያሉ ማጕረስ አይጠቅምም፤ የጣዕም ስሜት ስለሚለወጥ ሁሉ ነገር ብረት ብረት ይላቸዋልና።

አፍ ሲቈስል ሚጥሚጣና ሎሚ መራቅ አለባቸው። ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውኃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨውና አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጦ፥ ከምግብ በኋላና ከመኝታ በፊት ተጕመጥምጦ መትፋት የቀለለና ዋጋው ያነሰ መድኃኒት ነው። ጥርስንም በለስላሳ ብሩሽ ማጽዳት ይገባል። ደግሞም ዶክሶሩቢሲን የተባለው መድኃኒት መልኩ ቀይ ስለ ሆነ፥ በተሰጠ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ሽንት ቢቀላ ደም ነው ተብሎ ሊያስደነግጥ አይገባም። ነገር ግን መድኃኒቱ ከሰውነት በሽንትና በትውከት ስለሚወጣ፥ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የቈሸሸውን አንሶላ የሚያጥብ ሰው የእጅ ጓንት ያድርግ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን መታወቅ ያለበት የትኵሳት ነገር ነው። ነጭ የደም ሕዋስ ባነሰበት ሰሞን ትኵሳት ቀላል ምልክት አይደለም፤ 38 ዲግሪ ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። በሁለተኛው ዙር በዐሥረኛው ቀን ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ አክስታችንን ብርድ ብርድ አላቸው። ለመጠየቅ መጥተው ያደሩት ዘመዶቻችን፥ «ምች ነው፤ ዳማከሴ ጨምቃችሁ አጠጧቸውና ይንጋ» አሉ። ምክሩ የመጣው ከፍቅር ነው። ቴርሞሜትሩ ግን 38 ከ4 አሳየ፤ በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይም የሐኪሙ ትእዛዝ በትልቁ ተጽፎ ነበረ። መኪና ለምነን ወሰድናቸው፤ ከመንጋቱም በፊት ተሕዋስያንን የሚገድል መድኃኒት በደም ሥራቸው ይገባላቸው ጀመር። ሐኪሙም ትኵሳት የሚያበርድ ኪኒን በቤት ሰጥተን ምልክቱን ሳንደብቅ፥ ጧትንም ሳንጠብቅ መምጣታችን ሕይወታቸውን እንደ ጠበቀ ነገረን። ዋጋው ከአንድ የድግስ ዶሮ የሚያንስ መሣሪያ በቤት መኖሩና አለመኖሩ የሕይወትና የሞት ልዩነት ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ወዲህ የጠያቂውንም ሥርዐት አስተካከልን። በበሩ አጠገብ ውኃና ሳሙና አኖርን፤ የሚገባ ሁሉ እጁን ይታጠባል፤ ጕንጭ መሳሳም ቀረ፤ ጕንፋን የያዘው ሰው ከደጅ ሆኖ ሰላምታውን ይልካል። መጀመሪያ ቅር ያላቸው ነበሩ፤ «ሐኪም ነው ያዘዘው» ሲባሉ ግን ሁሉም ተቀበሉት። ጥሬ ሥጋ፥ ያልበሰለ ክትፎ፥ ያልፈላ ወተት፥ በደንብ ያልታጠበ አትክልትም ከቤት ወጣ። እንዲሁም ደም የሚያረጋው ክፍል በመድኃኒቱ ስለሚያንስ ዋግምትና በምላጭ መብጣት እጅግ አደገኛ ነው።

የጠጕር ነገር ለወንድ ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ለአክስታችን ግን ከትውከቱ ይልቅ ይህ ከበዳቸው። በአገራችን ሴት ራሷን የምትላጨው ለሐዘን ነበረና፥ «ማን ሞተና ነው እኔ ራሴን የምላጨው?» ብለው አለቀሱ። ጠጕር መርገፍ የሚጀምረው ከመጀመሪያው መድኃኒት በኋላ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ መሆኑን ከሐኪሙ ስለ ሰማን፥ አስቀድመን ነገርናቸው። እሳቸውም አስበውበት፥ በትራሳቸው ላይ ተረግፎ ከሚያገኙት ይልቅ ራሳቸው በወሰኑት ቀን በመቀስ እንዲያጥር ፈቀዱ። መልካቸው የተለያየ ሦስት ሻሽ ተገዛላቸው፤ ጥቍር ግን አልነበረበትም። ሕክምናው ካለቀ በኋላ ጠጕራቸው ተመልሶ በቅሏል።

የሁዳዴ ጾም በሕክምናው መካከል በገባ ጊዜ ሌላ ጭንቀት መጣ። የንስሐ አባታቸው ግን ለታመመ ሰው ጾም ግዴታ አለመሆኑን አስረድተው፥ ጸሎቱንም መድኃኒቱንም አንድ ላይ እንዲይዙ መከሩአቸው። በእስልምናም ዘንድ የታመመ ሰው የረመዳንን ጾም ወደ ሌላ ጊዜ ማዛወር እንደሚችል የታወቀ ነው። የሚጠጣ ሥር ወይም ቅጠል ያመጡልንን ወዳጆች ደግሞ አመስግነን፥ ሐኪሙን ሳንጠይቅ እንደማንሰጥ ነገርናቸው፤ አንዳንዱ የኬሞቴራፒውን ኀይል ሊቀንስ ወይም ጕበትን ሊጐዳ ይችላልና። በመጨረሻዎቹ አራት ዙሮች መድኃኒቱ ተለውጦ ጣቶቻቸው መደንዘዝ ሲጀምሩ ለሐኪሙ ወዲያው አመለከትን፤ በቤትም ትኵስ ጀበና እንዳያነሡና ያለ ጫማ እንዳይሄዱ አደረግን።

በብዙ ቤት የበሽታው ስም ከሕመምተኛው ይደበቃል። ይህም ከርኅራኄ የመጣ ነው። ዳሩ ግን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው የአባቶቻችን ቃል ለአስታማሚውም ይሠራል። የያዘውን ያላወቀ ሰው ትኵሳቱን ለምን ይናገራል? ያንንስ ሁሉ መራራ ነገር ስለ ምን ብሎ ይታገሣል? አክስታችን ስሙን በሰሙ ቀን ሌሊቱን ሙሉ አልተኙም፤ በማግሥቱ ግን ደብተሩን ራሳቸው ጠየቁ።

ስምንተኛውን ዙር ፈጽመዋል፤ ምርመራቸውንም በየጊዜው ይቀጥላሉ። የወደ ፊቱን እግዚአብሔር ያውቃል፤ ኬሞቴራፒ ሁሉን ያድናል ብለን አንጽፍም። የምንለው ይህን ነው፦ የመሥሪያ ቤት አለቃ የሚያስታምም ሠራተኛ ፈቃድ ሲጠይቀው ከባዶቹ ቀናት የትኞቹ እንደ ሆኑ ይጠይቀውና እነዚያን ይስጠው። መምህርም ለተማሪዎቹ የሙቀት መለኪያ ማንበብን ሲያስተምር፥ ምናልባት ከመካከላቸው አንዱ በሌሊት እናቱን የሚያድንበት ትምህርት መሆኑን ያስብ። ተማሪም ማንበብ ለማይችሉት ወላጆቹ የመድኃኒቱን ወረቀት ያንብብላቸው፤ ደብተሩንም ይያዝላቸው። ፍቅሩ በየቤታችን ሞልቷል፤ የጐደለው ቀኑን የሚቈጥርና ሙቀቱን የሚለካ ሰው ነው።