ለእንግዳው የተሰጠ፣ ለልጁ የተነፈገ

አዲስ አበባ ላይ ሁለት ሰዎች ሲተዋወቁ «ሀገርህ የት ነው?» ይባባላሉ። መልሱ ኢትዮጵያ አይደለም፤ መንዝ ነው፣ ጋይንት ነው፣ ከምባታ ነው። ቋንቋው ራሱ አንድ ነገር ያውቃል፦ ሰው ድንበር ሳይሻገር ሌላ ሀገር ይገባል። መምህር የሚመድበው አካል ግን ይህን የሚያውቅ አይመስልም።

በ1955 ዓ.ም የትምህርት ዘመን ወደ 280 የሚጠጉ አሜሪካውያን የሰላም ጓዶች ኢትዮጵያ ገቡ። አብዛኞቹ በመምህርነት የተሰማሩ፣ ከዩኒቨርሲቲ ገና የወጡ ወጣቶች ነበሩ። ወሊሶ ያስተማረው ፖል ሶንጋስ ኋላ የአሜሪካ ሴናተር ሆኗል። እነዚህ ወጣቶች እንዲሁ አልተላኩም። ከመነሳታቸው በፊት ዋሽንግተን በሚገኘው ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ አማርኛና የኢትዮጵያን ባህል ሲማሩ ከረሙ። የሚቆዩት ሁለት ዓመት መሆኑን ያውቁ ነበር። ሲታመሙ የሚያያቸው ሐኪም ነበራቸው። ይህ ሁሉ ተደርጎላቸውም መላመዱ ቀላል አልነበረም፤ የህንዶቹን መምህራን እንግሊዝኛ የለመደ የተማሪ ጆሮ የአሜሪካኖቹን ለመያዝ ጊዜ ይፈልግ ነበር።

አሁን ሸዋ ሮቢት ያደገ አንድ ጀማሪ መምህር ጓሳ አጠገብ ባለ ትምህርት ቤት ተመደበ እንበል። ዞኑ አንድ፣ ቋንቋው አንድ ነው። በመካከላቸው ያለው ግን ሁለት ሺህ ሜትር ያህል ከፍታ ነው። በስስ ሸሚዝ ከቆላ የወጣው ልጅ በርኖስ የለውም። የጤፍ እንጀራ ለምዶ የገብስ ይቀርብለታል። ከሁሉ የሚከብደው ግን ብርዱ ሳይሆን ሰዉን አለማወቁ ነው።

ጓሳ ለእሱ ሣር ነው። ለመንዜ ግን የቤት ክዳን፣ ገመድና የዝናብ ገሳ ነው። ወደ 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን ይህን ምድር የአካባቢው ሰው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሱ ሕግ ለዓመታት እየዘጋ፣ ሲቸግረው እየከፈተ ጠብቆታል። ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ዛሬም እዚያ የሚታዩት በዚሁ ምክንያት ነው። የቀድሞው ሥርዓት በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ፈርሶ፣ ኋላ በማኅበረሰብ ጥበቃ መልክ ተመልሷል። ይህን ያልሰማ መምህር ስለ አካባቢ ጥበቃ ከመጽሐፍ ያነብላቸዋል፤ ከፊቱ የተቀመጡት ልጆች ነገሩን ከአያቶቻቸው እንደወረሱ አያውቅም። ቤተሰቡ ለአጨዳ ሲወጣ የቀረውንም ተማሪ «ሰነፍ» ብሎ ይመዘግበዋል።

አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ሳይንስ ሊቅ ዶናልድ ሌቪን በ1950ዎቹ መጀመሪያ መንዝ የገባው ሊጠይቅ ነበር። «ሰምና ወርቅ» የተሰኘው መጽሐፉ ከዚያ የቀሰመውን ይዟል። ጀማሪው መምህር ግን የመጠየቂያ ጊዜ የለውም፤ በደረሰ ማግስት ጠመኔ ይይዛል።

«የሀገሩ ልጅ ነው፣ ይለምደዋል» ይባላል። መምህሩን የሚያባርረው ይኸው አባባል ነው። ደመወዙ አይበቃም። በክልሉ ያለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል፤ መንገዱም ያስፈራል። በዚህ ላይ ብቸኝነት ሲጨመር ዝውውር ይጠይቃል፤ ካልተሳካ ሥራውን ጥሎ ይሄዳል። የሚጎዳውም እሱ ብቻ አይደለም። ዓመቱ ሳይጋመስ የሒሳብ መምህር ያጣው ክፍል ፈተናው ግን አይቀርለትም።

መፍትሔው ከጆርጅታውን አይመጣም። ትምህርት ከመከፈቱ ሁለት ሳምንት ቀድሞ እንዲደርስ ማድረግ፣ ከሽማግሌዎች ጋር ማስተዋወቅ፣ አንድ ነባር መምህር አጠገቡ መመደብ፣ ለትምህርት ቤቱ የቀረበ ቤት መፈለግ፣ ስንት ዓመት አገልግሎ መዛወር እንደሚችል ቁርጡን መንገር። ከእነዚህ ውስጥ የውጭ ምንዛሪ የሚጠይቅ የለም።

የመንዝ ባላገር በብርድ የመጣን እንግዳ ምድጃው አጠገብ ሳያስቀምጥ ወሬ አይጠይቀውም። መምህሩን የሚልከው ወገን ከዚህ ባላገር ቢማር አይከፋም።