ስለ መክሰስና ስለ ጣፋጭ ነገር

የአገራችን ሰው ከጥንት ጀምሮ ቁርስ፥ ምሳ፥ እራት እያለ ለመብሉ ሰዓት መድቦ ይኖራል፤ በምሳና በእራት መካከልም መክሰስ የሚባል አለ። መክሰስ ማለት እረኛው፥ አራሹ፥ ተማሪውም እስከ እራት ድረስ የሚቆይበት ጥቂት ቆሎ ወይም ቁራሽ እንጀራ ነው። ስለዚህ፥ አንባቢ ሆይ፥ መክሰስን ለመንቀፍ የተነሣሁ አይምሰልህ። የምናገረው ሰዓትና ስፍራ ስለሌለው አበላል ነው፤ ይኸውም በመንገድ ሲሄዱ፥ ታክሲ ሲጠብቁ፥ ወሬ ሲያወሩ፥ ሳይርብ ወደ አፍ ስለሚገባው ከረሜላና ብስኩት፥ ስለ ለስላሳውም መጠጥ ነው።

እኔ የምኖረውና የማስተምረው በአዲስ አበባ፥ ልደታ በሚባለው ሰፈር ነው፤ ሰፈሩም ስሙን ያገኘው ከልደታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። በ2008 ዓ.ም. የከተማው ባቡር ሥራ ሲጀምር አንዱ ጣቢያ ልደታ ተባለ፤ ወደ ጦር ኃይሎች ሲሄዱ ቀጥሎ ያለው ጣቢያ ደግሞ በአካባቢው ባለው የለስላሳ መጠጥ ፋብሪካ ስም ኮካ ኮላ ተባለ። ለተማሪዎቼ፥ «አባቶቻችን ሰፈርን በታቦት ወይም በመኳንንት ስም ይጠሩ ነበር፤ እኛ ግን በመጠጥ ጠራን» ብዬ በነገርኋቸው ጊዜ ይሥቃሉ። ነገሩ ግን ሣቅ ብቻ አይደለም፤ የጣፈጠ ነገር በኑሯችን ውስጥ ምን ያህል ስፍራ እንደ ያዘ ያሳያልና።

ስኳር ለብዙው ሕዝባችን የቅርብ ዘመን እንግዳ ነው። የሆላንድ ኩባንያ በአዋሽ ወንዝ አጠገብ በወንጂ ያቋቋመው ፋብሪካ ሥራ የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው። ከዚያ አስቀድሞ ስኳር ከባሕር ማዶ የሚመጣ፥ ዋጋውም የከበደ ነበረ። ጣፋጭ የሚባለው ማር ነበረ፤ ማርም ለጠጅና ለመድኃኒት፥ ለእንግዳም ክብር እንጂ በየሰዓቱ የሚላስ አልነበረም። ዛሬ ግን ከቤቴ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ ከረሜላ የማይሸጥበት ሱቅ ወይም ጉልት አላይም።

ታላቅ ወንድሜ፥ በቤታችን ወንድም ጋሼ የምንለው፥ ልብስ ሰፊ ነው። በ2011 ዓ.ም. ውኃ ጥም ሌሊት ከእንቅልፉ ያስነሣው ጀመር፤ ሽንቱም በዛ። በኋላም ዓይኑ ፈዘዘና ክሩን ከመርፌው ቀዳዳ ማግባት ተሳነው። በዚህ ጊዜ ሁላችንም ደነገጥን፤ የልብስ ሰፊ እንጀራው ዓይኑ ነውና። ሐኪም ቤት ሄዶ ደሙ ሲመረመር የስኳር በሽታ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙም፥ «ጋሼ፥ ይህ በሽታ ስኳር በመብላት ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ በዘርም፥ በዕድሜም፥ በውፍረትም፥ ተቀምጦ በመዋልም ይመጣል። ከእንግዲህ ወዲህ ግን አበላልዎን ካላስተካከሉ ዓይንዎንና ኩላሊትዎን፥ እግርዎንም ይጎዳዎታል» ብሎ ነገረው።

በዚያው ምሽት ተቀምጠን የአንድ ቀን ሻዩን ቈጠርን። በስፌት ቤቱ ከጧት እስከ ማታ 6 ብርጭቆ ይጠጣል፤ በያንዳንዱም 3 ማንኪያ ስኳር አለ። ይህ 18 ማንኪያ ይሆናል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2007 ዓ.ም. ባወጣው ምክር፥ በመብልና በመጠጥ ላይ የሚጨመር ስኳር ሰው በቀን ከሚያገኘው ኀይል ከ10 እጅ አንዱን እንዳይደርስ፥ ቢቻል ከ20 እጅ አንዱን እንዳያልፍ አስታውቋል፤ ይህ ኋለኛው ልክ ለጤነኛ ጎልማሳ 25 ግራም፥ ማለት 6 የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። አንድ የለስላሳ ጠርሙስ ብቻውን 30 ግራም ገደማ ስኳር ይይዛል። ወንድሜም ይህን በሰማ ጊዜ፥ «እኔ እኮ ሻይ ጠጣሁ እንጂ ስኳር በላሁ ብዬ አላውቅም» አለ።

መጀመሪያ ያደረገው የስኳሩን ጣሳ ከስፌት ቤቱ ማውጣት ነው። ከዚያም የሻዩን ቍጥር ከ6 ወደ 2 አወረደ፤ በቀሩትም ሁለቱ ውስጥ ስኳሩን በየሳምንቱ እየቀነሰ በመጨረሻ ተወው። እኛም በቤት ያለነው አብረነው ተውን፤ በአንድ ገበታ ዙሪያ አንዱ እየጣፈጠለት ሌላው መራራ ሲጠጣ ማየት ደግ አይደለምና። ምላስ እንደ ሕፃን ተማሪ ነው፤ ያሳዩትን ፊደል ይለምዳል። ሁለት ወር ካለፈ በኋላ አንድ ደንበኛ እንደ ቀድሞው የጣፈጠ ሻይ ቢጋብዘው፥ አንድ ጊዜ ቀምሶ፥ «ይህ ሻይ ነው ወይስ ብርዝ?» ብሎ መለሰለት።

ጾም በአገራችን የታወቀ ሥርዐት ሲሆን፥ ጣፋጭ ነገር እንዴት ይህን ያህል በረታብን? ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። መልሱ ቀላል ነው። የጾም ሕግ ከሥጋ፥ ከወተት፥ ከቅቤና ከእንቁላል ይከለክላል፤ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፥ ረቡዕና ዓርብም አሉ፤ ከረሜላና ለስላሳ ግን ሁልጊዜ የጾም ናቸው። አንድ የ12 ዓመት ተማሪዬን ዓርብ ቀን በ3 ሰዓት ጉንጩ አብጦ አየሁትና ምን እንደ ያዘ ጠየቅሁት። «የኔታ፥ ይህ እኮ የጾም ነው» አለኝ። «ጾም ሰዓትም አለው» ብለው፥ «ስንት ሰዓት?» አለ። «ቅዳሴ እስኪወጣ፥ እስከ 9 ሰዓት» ብለው፥ «እኔ ግን ገና ልጅ ነኝ» አለና ማኘኩን ቀጠለ። መልስ አላጣም፤ እውነትም አለው። ያደገ ሰው የሚችለውን ረኃብ በሚያድግ ልጅ ላይ መጫን አይገባም። መድኃኒት የሚወስድ የስኳር በሽተኛም ሐኪሙን ሳይጠይቅ እንዲጾም አልመክርም።

ነገር ግን ከጾም አንድ ትልቅ ብልኀት ይገኛል፤ በአስተማሪነቴ ከሁሉ አብልጬ የማየው ይህን ነው። ጾመኛ በሥጋ ቤት ደጃፍ ሲያልፍ ከራሱ ጋር ክርክር አይገጥምም፤ ክርክሩ ዋዜማውን አልቋልና። ጣፋጭን ለመተው የሚሞክር ሰው የሚሸነፈው ግን በየሱቁ ፊት ቆሞ እንደ ገና ስለሚከራከር ነው። በቀን 20 ጊዜ የሚከራከር ሰው 19 ጊዜ ቢረታ እንኳ አንድ ጊዜ ይረታል። የምበላበትን ሰዓት አስቀድሜ የወሰንሁ እንደ ሆነ ግን ከረሜላው የሚጠይቀኝ ጥያቄ የለም።

የጥርስ ነገርም ይህንኑ ያስረዳል። በስዊድን አገር፥ በሉንድ ከተማ፥ ቪፔሆልም በሚባል የአእምሮ ድኩማን ሆስፒታል፥ በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1945 እስከ 1955 ዓ.ም. ስለ ጥርስ መበስበስ ትልቅ ምርመራ ተደርጎ ነበር። ለአንዳንዶቹ ስኳር ከምግባቸው ጋር ተሰጠ፤ ለሌሎቹ ደግሞ ጥርስ ላይ የሚጣበቅ ከረሜላ በምግብ መካከል ተሰጠ። ጥርሳቸው እጅግ የተበላሸው እነዚህ ኋለኞቹ ናቸው። በአፍ ውስጥ ያሉት ረቂቃን ሕዋሳት ስኳሩን ወደ አሲድ ስለሚለውጡት፥ ምራቅም አሲዱን ለማጠብ ጊዜ ስለሚፈልግ፥ ጥርስን ይልቁን የሚጎዳው የስኳሩ መደጋገም ነው። ከዚህ በኋላ በስዊድን፥ ልጆች ጣፋጭ የሚበሉት ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ይሁን የሚል ምክር ተሰጠ፤ ልማዱም ጸና። ስለ ራሳቸው መናገር በማይችሉ ሰዎች ጥርስ ላይ ግን ይህን ማድረግ ታላቅ በደል ነበረ፤ ዕውቀቱን ስንቀበል እነርሱን መርሳት አይገባንም።

በትምህርት ቤታችን በር አጠገብ ከረሜላ የምትሸጥ አንዲት እናት አለች፤ ልጆቹ እትዬ ይሏታል። ከመምህራኑ አንዳንዶቹ ከዚያ እንድትነሣ ፈለጉ። እኔ አልተስማማሁም፤ ሦስት ልጆች የምታሳድገው በዚያች ጉልት ነውና፥ የልጆቻችንን ጥርስ ለማዳን የእርሷን ልጆች ማስራብ ፍርድ አይደለም። ሄደን ቆሎና የሽምብራ ንፍሮ፥ ሙዝም እንድትሸጥ ብንለምናት፥ «ከረሜላ ቢያድር አይበላሽም፤ ንፍሮ ያደረ እንደ ሆነ ማን ይገዛኛል?» አለችን። ነገሯ ትክክል ስለ ሆነ፥ በየቀኑ የተረፈውን ንፍሮ እኛ መምህራን እንድንገዛት ተስማማን፤ ከረሜላውም ዓርብ ከመጨረሻው ደወል በኋላ ብቻ እንዲሸጥ ሆነ። በመጀመሪያው ወር ገበያዋ ወደቀ፤ መምህራኑም ንፍሮ ሰለቸን። በሦስተኛው ወር ልጆቹ ቆሎውን በኪሳቸው እየሞሉ መግባት ጀመሩ፤ በክፍል ውስጥም የቆሎ ድምፅ አስቸገረኝ። ሆኖም ትርፏ እንደ ቀድሞው ሙሉ አልሆነም፤ ስለዚህ የተረፈውን መግዛታችንን እስካሁን አልተውንም።

ግንቦት 1 ቀን፥ የልደታ ዕለት፥ በሰፈራችን ጎረቤት ሁሉ ከደጅ ወጥቶ ስንዴውንና ሽምብራውን፥ ባቄላውንም ቀቅሎ ንፍሮ ይበላል፤ ዳቦ ይቈረሳል፥ ቡናም ይፈላል። ባለፈው የልደታ ዕለት ወንድም ጋሼ በዚያ ተቀምጦ ሳለ፥ የጎረቤት ልጅ እጁን ወደ ኮቱ ኪስ አስገብቶ ከረሜላ አወጣ። «ጋሼ፥ ስኳር ተከልክለው የለም እንዴ?» ብሎ ጮኸ፥ ሰውም ሁሉ ዞረ። ወንድሜም መድኃኒቱ አንዳንድ ጊዜ የደሙን ስኳር ከልክ በታች እንደሚያወርደው፥ እጁ ሲንቀጠቀጥና ላብ ሲያጠምቀው ያን ጊዜ ቶሎ ጣፋጭ ነገር ካልወሰደ ሊወድቅ እንደሚችል፥ ከረሜላውንም ሐኪሙ ራሱ እንዲይዝ እንዳዘዘው አስረዳው። ልጁ ግን ከረሜላውን እያየ ቆመ። ወንድሜ ተቀብሎት ወደ ኪሱ መለሰና ከንፍሮው አንድ እፍኝ ዘግኖ ሰጠው፤ ልጁም ሽምብራውን እየለቀመ በላ፥ ስንዴውን ግን ለርግቦች በተነው።