ዓሣ የሚያሳድገው ልጅ

የፎገራ ሜዳ ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ላሙንና ሩዙን ነው። እኔ ግን በወረታ ባዮሎጂ ሳስተምር ተማሪዎቼ ከጣና ዳር የሚለቀመውን ባለ ሁለት ክዳን ዛጎልም እንዲመለከቱ ዘወትር እመክራቸዋለሁ፤ አስተዳደጉ ከቶ የሚያስደንቅ ነውና።

በጣና ከሚኖሩት ዛጎሎች አንዱን ሊቃውንት በደንቢያ ስም «ዩኒዮ ደምቤኤ» ብለውታል። የዩኒዮ ወገን እናት እንቁላሏን ውሃ ላይ አትበትንም፤ በምትተነፍስበት በስንጥቧ ውስጥ አቅፋ ሽሉን ታሳድጋለች። የሚወጣው ጨቅላ ግሎኪዲየም ይባላል። ሁለት ክዳንና አንድ መዝጊያ ጡንቻ አለው እንጂ የሚሠራ አንጀትም ሆነ ስንጥብ የለውም። ስለዚህ የዓሣን ስንጥብ ወይም ክንፍ ነክሶ ይጣበቃል፤ የዓሣውም ሥጋ ዙሪያውን ሸፍኖ ከረጢት ይሆንለታል። በዚያ ሳምንታት ሲሰነብት የቀድሞው ጡንቻ ፈርሶ ሁለት አዲስ ይተካሉ፤ እግር፣ አንጀት፣ ልብና ስንጥብም ይበጃሉ። ከዚያ በኋላ ዓሣውን ለቅቆ ወደ ውሃው ወለል ይወርዳል።

የባሕሩ ኦይስተር ነገር ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ጨቅላው ያለ ሞግዚት ይዋኛል፤ ከድንጋይ ሲጣበቅም ከሁለቱ መዝጊያ ጡንቻዎቹ አንዱን ያጣል፤ እግሩም ይጠፋል።

ራትኬ የተባለ ተመራማሪ በ1797 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ግሎኪዲየምን ባየ ጊዜ የእናቲቱ ልጅ መሆኑን አላወቀም፤ በሰውነቷ ውስጥ የገባ ጥገኛ ተሐዋሲ መስሎት በዚያው ስም ሰየመው።

ይህን ሳስረዳ አንዲት ተማሪ፣ «መምህር፣ ዓሣው ካለቀስ?» ስትል ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ለእኛ አገር የተገባ ነው። ነጭ ዓሣ በክረምት ሊራባ ከጣና ወደ ርብና ወደ ጉማራ ይወጣል፤ በወንዞቹ አፍ መረብ የሚዘረጋበትም ጊዜ ይኸው ነው። በዚያ ወቅት የተያዘች ዓሣ እንቁላሏን ሳትጥል ትቀራለች። ዓሣ ባነሰ ቁጥር የዛጎሉም ጨቅላ የሚጣበቅበት ያጣል፤ አንጀትና ልብ ሳይበጅለትም ይሞታል።

ክፋቱ ጉዳቱ ቶሎ አለመታየቱ ነው። ትልልቆቹ ዛጎሎች ብዙ ዓመት ስለሚኖሩ፣ ልጅ ማደግ ያቆመበት ውሃ እንኳ ሙሉ ይመስላል። ውሃውን እያጣሩ የሚያጠሩልን እነዚሁ ናቸው። እንግዲህ በመራቢያው ወራት ከወንዙ አፍ መረብን ማንሣት ለዓሣው ብቻ የሚደረግ ምሕረት አይደለም፤ ለተማሪዬም የሰጠኋት መልስ ይኸው ነው።