ከካራካላ ፍርስራሽ ሥር

ልጄን ልጠይቅ ሮም በሄድኩበት ሰሞን፣ ከልጅ ልጄ ጋር የካራካላን ጥንታዊ የሕዝብ መታጠቢያ አየን። ግንቡ ቀና ብለው ሲያዩት አንገት ያሳምማል። በስሙ የሚጠራበት ንጉሠ ነገሥት፣ እ.ኤ.አ. በ212 በግዛቱ ለሚኖሩ ነጻ ሰዎች ከሞላ ጎደል ለሁሉም የሮም ዜግነት ሰጥቷል። ባሮች አልተቆጠሩም።

ከዚያ በፊት ነጻ የሆነ የውጭ ሰው «ፔሬግሪኑስ» ይባል ነበር። ይነግዳል፤ ቢበደልም የውጭ ሰዎችን ክርክር የሚያይ ሹም አለው። ጭንቁ ልጅ ሲወለድ ነው። ሮማዊት ሴት ፔሬግሪኑስ ካገባች ልጇ እንደ አባቱ ባዕድ ሆኖ ይቀር ነበር። የውጭ ተወላጅ ወታደር 25 ዓመት አገልግሎ ዜግነት ያገኛል፤ ከ140 ገደማ ወዲህ ግን በአገልግሎት ላይ ሳለ የወለዳቸው ልጆች በአብዛኛው ከስጦታው ወጡ። ዩልየስ ቄሳር ከተማዋ ውስጥ ለሚሠሩ ሐኪሞች ዜግነት መስጠቱን ስሰማ ግን፣ ነርስ ነበርኩና ደስ አለኝ።

የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ ካሲዩስ ዲዮ የካራካላን አዋጅ ግብር ለማብዛት የወጣ ነው ይለዋል። ይሁን፤ ልጆቹ ግን ዜጋ ሆኑ።

ፍርስራሹ መሐል የሚሮጠው የልጅ ልጄ የተወለደው እዚሁ ሮም ነው። ወላጆቹ ቀድመው ዜግነት ካላገኙ፣ በጣሊያን ሕግ 18 ዓመት እስኪሞላው ይጠብቃል። አሁን 7 ዓመቱ ነው።