ሳሉ የሳንባ አልነበረም

ባለፈው የብርድ ወራት፣ እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ሌሊት ጋደም ባልሁ ቁጥር ጉሮሮዬን እየኮረኮረ የሚነሣ፣ አክታ የሌለው ደረቅ ሳል ይዞኝ ከረመ። መጀመሪያ ጉንፋን ነው ተባለና ሽሮፕ ተሰጠኝ፤ ቀጥሎ የአቧራ አለርጂ ነው ተባለ፤ በኋላም ከጨጓራ ወደ ላይ የሚመለስ አሲድ ነው ተብሎ ሌላ ኪኒን ተጨመረልኝ፤ ራጅም ተነሥቼ ሳንባዬ ንጹሕ መሆኑ ተነገረኝ። በየጊዜው የተቀበሉኝ ሐኪሞች ልዩ ልዩ ስለ ነበሩ፣ ሁሉም ሳሉን ብቻ መረመሩ እንጂ፣ ሳሉ ከመጀመሩ ጥቂት ሳምንታት አስቀድሞ ለደም ግፊቴ ሊሲኖፕሪል የሚባል ኪኒን መጀመሬን፣ በማኅደሬ ላይ በግልጥ ተጽፎ ሳለ፣ ከሳሉ ጋር ያያያዘው ማንም አልነበረም።

ያያያዘችው የአክስቴ ልጅ ናት። በደብረ ብርሃን አቅራቢያ ባለ ጤና ጣቢያ ለብዙ ዘመን በነርስነት ያገለገለች ታላቄ ስትሆን፣ ለበዓል እንኳን አደረሰሽ ልላት በስልክ ሳነጋግራት ሳሉ ወሬያችንን ደጋግሞ ቢያቋርጠው ጊዜ «ወንድምዬ፣ ይህ ሳል ቆየ እንዴ?» አለችኝ። መቆየቱን ነገርኋት። «የግፊት ኪኒን ጀምረሃል? የስሙ መጨረሻ ‹ፕሪል› የሚል ነው?» «አዎ፣ እታለም።» «እንግዲያው ሳሉ የኪኒኑ ነው። ብቻ በገዛ እጅህ እንዳታቋርጠው፤ ሐኪምህ ይቀይርልህ።» ይህን ያህል ምርመራ፣ ይህን ያህል ወጪ ያልደረሰበትን ነገር እርስዋ ከባሕር ማዶ በጆሮዋ ብቻ መለየቷ እጅግ አስደነቀኝ፤ ወዲያውም፣ አልሸሽገውም፣ እዚህ ባለው አሠራር ላይ ብርቱ ቍጣ አደረብኝ።

የነገሩ ሥር ይህ ነው። በሰውነታችን ውስጥ የደም ሥርን የሚያጠብ አንጂዮቴንሲን የተባለውን ንጥረ ነገር የሚሠራ አንድ ኢንዛይም አለ፤ ይኸው ኢንዛይም በሌላ ወገን ብራዲካይኒን የሚባለውን ያፈርሳል። እንደ ኢናላፕሪልና ሊሲኖፕሪል ያሉት መድኃኒቶች ኢንዛይሙን ሲያግዱት የደም ሥር ይላላል፣ ግፊትም ይወርዳል፤ ነገር ግን ሳይፈርስ የቀረው ብራዲካይኒን በመተንፈሻ አካል ውስጥ እየተከማቸ ሳልን ይቀሰቅሳል። ከአሥር ሰው በአንዱ ገደማ፣ ከወንዶችም ይልቅ በሴቶች ላይ የሚታይ ሲሆን፣ ኪኒኑ በተጀመረ በቀናት ወይም ከወራት በኋላ ሊነሣ ይችላል፤ ኪኒኑ ሲቀየርም ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 4 ሳምንት፣ አንዳንዴም እስከ 3 ወር ቆይቶ ይጠፋል።

የዚህን መድኃኒት ታሪክ ያነበበ ሰው በሳሉ ሊደነቅ አይገባውም። ብራዲካይኒን የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ በብራዚል፣ የጃራራካ እባብ መርዝ በደም ላይ የሚያደርገው ሥራ ሲመረመር ነው፤ ከዓመታት በኋላም ሰርጂዮ ፌሬይራ የተባለው የዚያው አገር ሊቅ ከዚያው መርዝ ውስጥ የብራዲካይኒንን ኃይል የሚያበረታ ነገር አገኘ፤ በዚህ መንገድ የተጀመረው ምርምር ካፕቶፕሪልን ወለደና መድኃኒቱ እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ ተፈቀደ። እንግዲህ ብራዲካይኒንን ማብዛት የመድኃኒቱ የመጀመሪያ ጠባይ ነው፤ ፈውሱና ሕማሙም ከአንድ ምንጭ የወጡ ናቸው። ሙሴ በምድረ በዳ የሰቀለው የናስ እባብ ታሪክ ሲነበብ እየሰማ ላደገ ሰው፣ ከእባብ መርዝ መድኃኒት መውጣቱ የሚያስደንቅ ቢሆንም ፍጹም እንግዳ የሆነ ምሥጢር አይደለም።

እታለም ይህን ሁሉ በዝርዝር ባትነግረኝም፣ ዕውቀቷ የመጣው ከሥራዋ ነው። በአገራችን ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሳለ ሰው ለሳንባ ነቀርሳ አክታው እንዲመረመር ሥርዓት ስለሆነ፣ ኢናላፕሪል የሚወስዱ እናቶች በሳል ምክንያት እየመጡ፣ አክታቸው ንጹሕ እየሆነ ሲመለሱ፣ ከካርዳቸው ላይ የኪኒኑን ስም እያየች ነገሩን ለመገንዘብ በቅታለች። በሽተኛውን ዛሬ ለሳሉ፣ ነገ ለግፊቱ የምትቀበለው ያችው አንዲት ነርስ ናት፤ ክንዱን እያሰረችም «ቅዳሴ ቆምህ? የልጅህ ሠርግ እንዴት ሆነ? ሌሊት ትተኛለህ?» ትለዋለች። እዚህ ግን የእግር ማበጥ ለአንዱ፣ ሳል ለሌላው፣ ማዞር ለሦስተኛው ይነገራል፤ ሦስቱም በየፊናቸው ኪኒን ይጨምራሉ። አምሎዲፒን ቁርጭምጭሚቱን ያሳበጠበት አንድ ወዳጄ ሽንት የሚያበዛ ኪኒን ተጨመረለት፤ ይህ እብጠት ግን ውኃ በሰውነት ውስጥ ከመብዛቱ ሳይሆን ከጥቃቅን የደም ሥሮች መላላት የሚመጣ ስለሆነ፣ መጠኑን መቀነስ ወይም ሌላ ዓይነት የግፊት መድኃኒት ማጣመር እንጂ ሽንት ማብዛቱ እምብዛም አይረዳውም። ወዳጄ ሌሊት እየተነሣ እንቅልፉን አጣ፤ እግሩም እንዳበጠ ቀረ።

ይህን ስጽፍ ግን እታለም ራስዋ የነገረችኝን መሸሸግ አልችልም። በርስዋ ዘንድ የኪኒኑ ምክንያትነት ቢታወቅም፣ መለወጫው ሎሳርታን በጤና ጣቢያው ሁልጊዜ አይገኝም፤ ከግል መድኃኒት ቤት ለመግዛት አቅም ያነሳቸው እናቶች ወይ ሳሉን ይሸከማሉ፣ ወይ ኪኒኑን ይተዉታል። ራስ ምታቱ ሲቀር ድኛለሁ ብሎ የሚያቋርጥ፣ ከጎረቤት የተረፈ ኪኒን የሚወስድ፣ ጠበል ሲገባ መድኃኒቱን ቤት ትቶ የሚሄድ ብዙ ነው፤ ግፊት ግን ሳያሳምም ልብን፣ ኩላሊትንና አንጎልን የሚጎዳ ደዌ ነውና፣ የእኔው የክርስትና አባት በዚሁ ምክንያት ግማሽ አካላቸው ሽባ ሆኖ ዐርፈዋል። ጠበሉም ኪኒኑም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን የንስሐ አባቶች ከዐውደ ምሕረት ላይ አዘውትረው ቢያስተምሩ፣ በእውነት ከብዙ ጥፋት ያድኑን ነበር።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ የሚጾሙትም ጠዋት ካልዋጥን አይሠራም ብለው መጨነቅ አይገባቸውም። እ.ኤ.አ. በ2022 ውጤቱ የታተመው፣ በብሪታንያ ከ21 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ታይም የተባለው ጥናት፣ የግፊት መድኃኒትን በጠዋትም ሆነ በማታ መውሰድ ከልብ ድካምም ሆነ ከስትሮክ በመጠበቅ ረገድ ልዩነት እንደሌለው አሳይቷል፤ ስለዚህ በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰደውን ወደ ማታ ማዛወር ከሐኪም ጋር በመመካከር የሚቻል ነገር ነው። ይልቅ የሚያስፈራው ውኃ ሳይጠጡ በሚውሉበት ቀን ሽንት የሚያበዛው ኪኒን፣ ይልቁንም በሰሙነ ሕማማት ስግደት ላይ፣ ድንገት ሲነሡ ግፊቱን አውርዶ ዓይንን ማጨለሙ ነው።

ቍጣዬ ትንሽ የበረደው ግን በዚያው በሳሉ ጉዳይ ነው። ሳሉን ምክንያት አድርጌ የሄድሁባት የግፊት ሐኪሜ፣ የእታለምን ቃል ብነግራት ሳትከራከር ልክ ነው ብላ ሊሲኖፕሪሉን ወደ ሎሳርታን ለወጠችልኝ፤ በ2 ሳምንትም ውስጥ የኩላሊቴንና የፖታሲየሜን መጠን በደም አስመረመረችኝ፤ እታለም ብትመኘውም በጤና ጣቢያዋ የማይሠራ ምርመራ ነው። የመድኃኒት ባለሙያውም ባለቤቴ ለጤና ይበጃል ብላ የገዛችውን የሶዲየም ምትክ ጨው ከሎሳርታን ጋር እንዳልጠቀም አስጠነቀቀኝ፤ ጨው የተባለው ነገር ፖታሲየም ስለሆነ ከመድኃኒቱ ጋር ተዳምሮ የልብን ምት ሊያውክ ይችላልና። ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ ያለ ምንም መዘግየት ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ እንደሚገባ፣ ይህም አደጋ ‹ፕሪል› ከሚባሉት ጋር በጥቁር ሕዝብ ላይ ይበልጥ እንደሚታይ የነገረኝ እርሱ ነው። ለምን ቀድሞ አልተነገረኝም ብዬ ዛሬም አዝናለሁ።

ጆሮውን ከአገሬ፣ የደም ምርመራውን ከዚህ አገር ባገኝ እወድ ነበር፤ ሁለቱ በአንድ ቦታ የሉም ብሎ መፍረድ ግን አሁን አሁን ከብዶኛል፤ ሐኪሜ ስለ ስግደቱ ስነግራት ቍጥሩን፣ ሰዓቱንና ውኃ የምጠጣበትን ጊዜ ጠይቃ ስትጽፍ አይቻለሁና። ከሕማማት በፊት ተቀምጬም ቆሜም ግፊቴን ለክቼ እንዳመጣላት፣ ከዚያም ከሎሳርታኑ ጋር የምወስደውን ሽንት የሚያበዛ ኪኒን መጠን እንደምታስተካክል ነግራኛለች። ቀጠሮው ከትንሣኤ በኋላ እንዳይውል ለማስቀደም ግን ዛሬም በስልክ እየተሟገትሁ ነው።